ባለቤቱ ማነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 31 ዓመት በከተማ አውቶብስ ስምሪት ክፍል ሠርቻለሁ። ስኳር በሽታ ከያዘኝ ደግሞ 14 ዓመት አልፎኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ግራ እግሬ ነው። እግሬን አምስት ሐኪሞች አዩት። አምስቱም የተናገሩት ትክክል ነበር። ያም ሆኖ እግሬ አራት ቀን ሙሉ ተረካቢ አጥቶ ከረመ። ሆስፒታሉን በስም አልጠራም። አንድን ቤት ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው፤ ከሌሎች ሕመምተኞች እንደሰማሁት ይሄ ነገር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በቆርኪ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት እሑድ ዋለ። ጠዋት ጃንሜዳ ወርጄ፣ ታቦቱን እስከ ደብሩ ሸኝቼ፣ ማታ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲው ከጫማው ጋር ተጣብቆ አልወጣም አለኝ። ሳብ ሳደርገው አንድ ቆርኪ ዱብ አለ። የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ቆርኪ ይሰበስባል። ቆርኪዎቹ መኪናዎቹ ናቸው፤ የእኔ ጫማ ደግሞ ጋራዡ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ረግጬው ስዞር አልተሰማኝም። ከአውራ ጣቴ ሥር የቆርኪው ጥርስ ክብ ሠርቶ ታትሟል፣ ልክ የቀበሌ ማኅተም ይመስል። ቆርኪ 21 ጥርስ አለው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

ስኳር ያለበት ሰው ይሄን ያውቀዋል። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይገድለዋል። ጤነኛ ሰው ጠጠር ሲወጋው ይዘላል፣ ያነክሳል፣ ጫማውን ያራግፋል። የእኔ እግር ግን አይናገርም። የሞቀ ውሃ ይሁን የፈላ፣ ምንጣፍ ይሁን ምስማር አይለይም። ቁስሉ እየባሰ ሲሄድም አያመኝም። ስለማያመኝ ደህና የሆንኩ መሰለኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በማግስቱ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ጎረቤት «ጨው በሙቅ ውሃ» አለች፤ ነከርኩት። ባለቤቴ «ኧረ እንሂድ» ስትል «ቆርኪ ነው እኮ፣ ጥይት አይደለም» አልኳት። በአምስተኛው ቀን የእግሬ ጀርባ ቀልቶ አብጦ ጫማ አልገባ አለ። ከሁሉ በፊት የመጣው ግን ሽታው ነው። እኔ ጉንፋን ይዞኝ አልሸተተኝም። የልጅ ልጄ ነው «አባዬ፣ የሆነ ነገር ሞቷል» ብሎ አልጋ ሥር የፈለገው።

ዓርብ ጥር 16 ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለችውን ሲስተር እግዜር ይስጣት። ሁለቱንም ጫማ፣ ሁለቱንም ካልሲ አስወለቀችኝ። አንድ ጊዜ አይታ ወዲያው ሪፈር ጻፈች። «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ። ነገ አይባልም» አለችኝ። ከቀትር በኋላ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረስኩ። ስኳሬ ሲለካ 438 ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በስምሪት ሠራተኛ ዓይን ነው የማየው፤ ይቅርታ፣ ሌላ ዓይን የለኝም።

ዓርብ ማታ ያየኝ የቀዶ ሕክምና ተረኛ «ስኳሩ መጀመሪያ ይውረድ፣ እንዲህ ሆኖ ማደንዘዣ አይሰጥም» ብሎ ጻፈ። ቅዳሜ ጠዋት ያየኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም «መግሉ ውስጥ እያለ ስኳሩ እንዴት ይወርዳል? ይከፈትና ይፍሰስ» ብሎ ጻፈ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ኢንፌክሽን ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለ ስኳር ደግሞ ሰውነት ኢንፌክሽኑን እንዳይዋጋ ያደርገዋል። አንዱ ሌላውን ይመግበዋል። ሁለቱ ሐኪሞች አንድ ላይ ቆመው ቢነጋገሩ የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር። የተነጋገሩት ግን በእኔ ካርድ ላይ ነው፣ አንዱ ጽፎ ሲሄድ ሌላው እየመጣ።

ሦስተኛው ወጣት ሐኪም ነበር። ሁለት ጣቱን የእግሬ ጀርባ ላይ አሳርፎ ቆይቶ «የደም ሥሩ ይመታል፣ ጥሩ ነው» አለ። ይሄ ትልቅ ዜና መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ደም የሚደርሰው እግር ከተከፈተና ከታጠበ የመዳን ዕድል አለው። ደም የማይደርሰው እግር ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የደም ሥር ሐኪም ይፈልጋል። ይሄ ዜና ካርዴ ውስጥ በአንድ መስመር ተጽፎ ተኛ። ራጅም ታዘዘ፤ ተነሣሁ። ፊልሙ ግን ጠፋ። ሰኞ ሌላ ዋርድ፣ የሌላ ሰው ፎልደር ውስጥ ተገኘ።

ቅዳሜ ማታ «ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትገባለህ፣ ጾመህ እደር» ተባልኩ። ጾምኩ። ውሃ እንኳን አልቀመስኩም። እሑድ ማለዳ ሌላ ተረኛ ነርስ መጥታ በውስጥ ደዌው ትእዛዝ መሠረት ኢንሱሊኔን ወጋችኝ። መጾሜን የሚያውቀው ቀዶ ሕክምናው ነው። ኢንሱሊን ያዘዘው ውስጥ ደዌ ነው። ነርሷ ያላት የኢንሱሊን ወረቀት ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የባለቤቴ ፊት ሁለት ሁለት ሆነ። ስኳሬ ቢለካ ወደ 52 ወርዷል። በግሉኮስ ነው ያተረፉኝ። ያን ቀን የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ብዙ ስለመጡ ኦፕራሲዮኑም ቀረ። እኔም ማንም «ብላ» ስላላለኝ እስከ ከሰዓት ጾሜን ዋልኩ። ባለቤቴ ከቤት ሽሮ ይዛ መጥታ፣ ይፈቀድ አይፈቀድ የምትጠይቀው ሰው ፈልጋ ኮሪደሩን ስትመላለስ ትዝ ይለኛል።

እሑድ ፋሻዬን የፈታው ሰው የለም። ለምን ይፍታው? እያንዳንዱ ሌላው ፈቶ ያየው መስሎታል።

ሰኞ አንዲት ነርስ ፎልደሬን ይዛ ክፍሉ መሐል ቆማ፣ ጮክ ብላ «የዚህ በሽተኛ ባለቤት ማነው?» አለች። የትኛው ክፍል ነው የያዘው ማለቷ ነው። ባለቤቴ ጥግ ካለው በርጩማ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ «እኔ ነኝ ልጄ» አለች። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ነርሷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ግን ለጥያቄው ያን ቀን የተገኘው መልስ እሱ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ የአጥንት ሐኪም መጣ፣ የተገኘውን ራጅ አየ፣ «አጥንቱ ተነክቷል፣ ቀዶ ሕክምናው ይወስን» ብሎ ጻፈ። አራተኛው መሆኑ ነው።

ማክሰኞ ጥር 20 በጠዋቱ ዙር አንድ ሸበቶ ቀዶ ሐኪም መጡ። ካርዱን ከማንበባቸው በፊት ብርድ ልብሱን ገለጡ። ፋሻውን ራሳቸው ፈቱት። አውራ ጣቴ ጠቁሯል። የውስጥ እግሬን በአውራ ጣታቸው ከተረከዝ ወደ ፊት ገፋ ገፋ ሲያደርጉት መግል በቆርኪው ቀዳዳ ወጣ። ቀጭን ብረት አስገቡ፤ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁት። «አጥንት ነው» አሉ። ከዚያ ዘወር ብለው ተማሪዎቹን «መግል በጅማት ሥር እንደ ቦይ ውሃ ነው የሚሄደው። ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ታያላችሁ፣ ከሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ይሄ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛው?» አሏቸው። የመለሰ የለም። እሳቸው ለማደንዘዣ ክፍል በራሳቸው ስልክ ደወሉ። ለውስጥ ደዌው ደወሉ። ስለ ኢንሱሊኑና ስለ ጾሙ በአንድ ስልክ ተስማሙ። ያን ዕለት ማታ ገባሁ።

በአስተርዮ ማርያም ዕለት ነቃሁ። አውራ ጣቴና ሁለተኛው ጣቴ የሉም። እግሬ አለ። ከጎኔ የተኛው ሰው ከገጠር የመጣ ገበሬ ነበር፣ እሱም ስኳር አለበት። ከእኔ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው የገባው። የእሱ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ስንወጣ ተሳሳምን። «አንተስ ጣት ነው ያስቀረኸው» አለኝ እየሳቀ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም።

ስምሪት ላይ ሳለሁ አንድ አውቶብስ መንገድ ላይ ሲቆም ጎሚስታ፣ መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን ሊያስፈልግ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ይጣላሉ። ጎሚስታው «ሞተሩ ነው» ይላል፣ መካኒኩ «መስመሩ ነው» ይላል። እኛ ዘንድ ግን አንድ ሕግ ነበር። የቆመው አውቶብስ ታርጋ ቁጥር በስምሪት መዝገብ ላይ ሲጻፍ ከጎኑ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል። ያ ሰው ራሱ አይጠግንም። ግን አውቶብሱ ዲፖ እስኪገባ ድረስ የሚጠየቀው እሱ ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ዕቃ ደረሰ ወይ፣ በስንት ሰዓት። አለቃችን ሌሊት ደውሎ «ይሄ አውቶብስ የማነው?» ሲል «የእኔ ነው» የሚል ሰው ከሌለ የሁላችንም ደመወዝ ላይ ይመጣ ነበር። አንድ አሮጌ አውቶብስ ባለቤት ሲኖረው የሰው እግር ያጣል?

የእህቴ ልጅ ለንደን ነርስ ናት። በስልክ ስነግራት ብዙም አልገረማት። እነሱም ጋ ይሄው ነበር አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኪንግስ ኮሌጅ የሚባለው የለንደን ሆስፒታል ለስኳር ሕመምተኞች እግር ብቻ የሚሆን ክሊኒክ ከፈተ። ማይክል ኤድመንድስ የሚባሉ ሐኪም የስኳር ሐኪሙን፣ ቀዶ ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ የእግር ባለሙያውንና ጫማ ሠሪውን አንድ ክፍል ውስጥ አሠሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የከባድ ቆረጣው ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ። ያን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ ማሽን አይደለም። ሰዎቹ አንድ ክፍል መግባታቸው ነው።

በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪው መሥሪያ ቤት፣ ናይስ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሆስፒታል ለሚተኙ ሰዎች መመሪያ አወጣ፣ በ2015 አሻሻለው። እሷ እያነበበች በአማርኛ ነገረችኝ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ ሰውየው ሲመጣ ጫማው፣ ካልሲው፣ ፋሻው ሁሉ ወልቆ እግሩ ይታይ። የመጀመሪያው መመሪያ ይሄ ሰው እግሩ ከታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእግር ቡድኑ ይተላለፍ ይላል። ሌላው ደግሞ ጆሮዬን ያቆመው ነው፦ ለአጠቃላይ ሕክምናው የሚጠየቅ፣ በስም የሚታወቅ አንድ ከፍተኛ ሐኪም ይኑር። «እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት። በስም የሚታወቅ። የእኛ የስምሪት መዝገብ እኮ ነው!

አውቃለሁ፣ ወዲያው የሚመጣው መልስ «ያ እንግሊዝ ነው» የሚል ነው። እኛ ጋ ሐኪም ጥቂት ነው፣ አልጋ የለም፣ የእግር ባለሙያ የሚባል ሙያ ራሱ ብርቅ ነው። እውነት ነው። ግን በእኔ ላይ የሆነውን ቁጠሩ። ቀዶ ሐኪም መጣ። የውስጥ ደዌ ሐኪም መጣ። የደም ሥሬን የዳሰሰው መጣ። የአጥንት ሐኪም መጣ። በመጨረሻ ሸበቶው መጡ። እንግሊዞቹ ከሚሉት ቡድን አብዛኛው እኔ አልጋ አጠገብ ቆሟል፣ በተለያየ ሰዓት። የጎደለው ስድስተኛ ሐኪም አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት የተደወለው ስልክ ዓርብ ማታ አለመደወሉ ነው።

ደግሞ ስለ እግር ከባዶ አንጀምርም። አለርት ሆስፒታል ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክማል። ሥጋ ደዌም እንደ ስኳር እግርን ያደነዝዛል። ሰውየው ሳይሰማው ይቆስላል፣ በቆሰለው ላይ ይራመዳል፣ አጥንቱ ይበላል። የቆሰለን እግር ከክብደት ማሳረፍ፣ ለእግሩ ቅርጽ የተሠራ ለስላሳ ጫማ ማድረግ፣ በየማታው እግርን ማየት እዚያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። ይሄን ዕውቀት ስኳር ክሊኒኮች ውስጥ ለማስገባት ፓስፖርት አያስፈልግም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቀልቶ፣ አብጦ፣ መግል ይዞ፣ ሸትቶ ወይም ጠቁሮ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፣ «አያመኝም» ቢልም እንኳ፣ በዚያው ሌሊት የአንድ ሐኪም ስም ከጎኑ ይጻፍ። እሱ ይደውል። ከአልጋው ራስ አንድ ወረቀት ይሰቀል፦ እግሩን መጨረሻ ያየው ማን፣ መቼ፤ ደም ይደርሳል አይደርስም፤ ራጁ የት አለ፤ ጾም ነው ወይስ ይብላ፤ ኢንሱሊኑን ማን አዘዘ። እኔን እሑድ ማለዳ ሊገድለኝ የነበረውን ነገር ያቺ አራተኛዋ መስመር ብቻዋን ታስቀረው ነበር።

ስለ መውጫውም አንድ ቃል። ስወጣ «እግርህን እንዳትረግጥበት» ተባልኩ። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ምርኩዝ ማን ይስጠኝ፣ ቁስሌን የት ልታጠብ፣ ፋሻ ማን ይግዛ የሚለውን የነገረኝ የለም። ጤና ጣቢያዋ ያለችው ያቺ ሲስተር ናት በየሁለት ቀኑ ያጠበችልኝ፣ ጎዝ ሲያልቅባት ከፋርማሲ እየገዛሁ። ሆስፒታሉ ለእሷ አንዲት መስመር አልጻፈላትም። ምን እንደተቆረጠ ያወቀችው ፋሻውን ስትፈታ ነው። በኋላ፣ ቁስሉ ሲደርቅ፣ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለች ቀጭን ናይለን አምጥታ ዓይኔን አስጨፍና እግሬን ትነካካው ነበር። ክሯ በ10 ግራም ግፊት ትጎብጣለች አሉ። «ሲሰማህ በል» ትለኛለች። ዝም። «አሁንስ?» ዝም። «ጋሼ፣ ተኝተሃል እንዴ?»

አሁን ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጄ ጫማዬን ገልብጦ ያራግፋል፣ እጁን አስገብቶ እስከ ጫፍ ይዳብሳል፣ ከዚያ «ጋራዡ ባዶ ነው» ይለኛል። ማታ ደግሞ ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ እግሬን በባትሪ ታያለች። ቤት ውስጥ ባለቤት አለው።

ያን የአልጋ ራስ ወረቀት እኔው በማስመሪያ አስምሬ ሠራሁት፣ የድሮ የስምሪት ወረቀታችንን አስመስዬ። ለክትትል ስሄድ ለዋርዱ ኃላፊ ሲስተር ሰጠኋት። አነበበችው፣ «ጎበዝ አባባ» ብላ ከስልኩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሳልፍ አየሁት። የአንድ ሰው ካርድ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ስኳሩም ተሞልቷል። «ኃላፊ ሐኪም» የሚለው መስመር ባዶ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የስምሪት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ
(ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ገልጫለሁ)